ከሜዳው አጥር ወዲህ



በአንድ የነሐሴ ሌሊት ልጀምር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለነበር የበሩን ኳኳታ ቶሎ አልሰማሁትም። ስከፍት፣ ከእኛ ግቢ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ባለቤት፣ ሰፈሩ በሙሉ እማማ የሚላቸው አዛውንት፣ ነጠላቸው በስብሶ ቆመዋል። «ልጄ፣ ውሃው አልጋዬ ሥር ገብቷል» አሉኝ። ባትሪ ይዤ ወረድኩ። ቤታቸው ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል። የጤፍ ጆንያቸው ከሥሩ ርሷል፤ ጫማና ጀሪካን ይንሳፈፋል። እማማ እዚያ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል። ጣራቸው ሲያፈስ ያውቃሉ፤ ከመሬት ውሃ ሲገባባቸው ግን ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ፍሰቱን በባትሪ እየተከተልኩ ሽቅብ ወጣሁ። ያደረሰኝ የሰፈራችን ሜዳ አጥር ሥር ነው። በዚያው ዓመት ሜዳው ታድሶ ነበር። አቧራና ሣር የነበረው መሬት ተደልድሎ፣ በሮለር ተጠቅጥቆ፣ ሰው ሠራሽ ሣር ለብሷል። ጎኑ ላይ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ተነጥፏል፤ የተመልካች መቀመጫው ሲሚንቶ ነው። ከሥሩ ደህና ቱቦ ተቀብሯል። ያ ቱቦ ግን አጥሩ ድረስ መጥቶ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከአጥሩ ወዲህ የሚቀበለው ቦይ የለም። ሥራው በወረቀት ላይ የሚያልቀው አጥሩ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለውን እማማ ተረከቡት።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጎርፍ ማስወገጃ ሥራ ነው። ሜዳው ሲመረቅ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ቱቦው የት ነው የሚያልቀው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ጥያቄውን ያነሱት እማማ ናቸው፤ ያውም አልጋቸው ከራሰ በኋላ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚህ የቆምኩትም በከተማችን የሚታደሱ ሜዳዎች ሁሉ ይህ ጥያቄ ግንባታው ሳይጀመር እንዲነሳባቸው ስለምፈልግ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የሰፈር ሜዳ መታደሱን አልቃወምም። ልጆቻችን በአስፋልት ዳር፣ በታክሲ መሐል ኳስ ሲያሳድዱ ማየት የሚያስደስተው ወላጅ የለም። ደህና ሜዳ፣ ደህና መብራት፣ ሴት ልጆች ሳይሳቀቁ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ይገባቸዋል። ጉዳዬ እንዴት ይሠራ የሚለው ላይ ነው፤ ማንስ ይጠየቅ የሚለው ላይ።

ሜዳ ስንል ምን ማለታችን ነው? በፕላን ላይ ሜዳ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቤት የለበትም፣ መንገድ የለበትም። ስለዚህ ቦታ ያጣ ፕሮጀክት ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። ጃን ሜዳን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጥምቀት ከየአድባራቱ የወጡ ታቦታት እዚያ ያድራሉ። በገና ጎልማሶችና ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሩር ይመቱበታል፤ ፈረሰኛው ጉግስ ይጫወትበታል። የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር ደግሞ ለዓለም ሻምፒዮና የሚሄዱ ሯጮቻችን ለዓመታት የተመረጡበት ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ መሬት የቻላቸው ስፋትና አፈር ስላለው ነው። ታቦቱ ሲመለስ ፈረሱ ይመጣል፣ ፈረሱ ሲሄድ ሯጩ ይመጣል፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣም።

የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ ወራት ሳይቆይ፣ ኮሮና ገባና ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ መጨናነቁ ስላስፈራ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ውሳኔው በጭንቅ ቀን የተወሰነ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ከሚገበያይበት ጠባብ ቦታ ማውጣት ተገቢ ነበር። እኔ የማነሳው ከዚያ በኋላ አፈሩ ላይ የሆነውን ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን የጫነ አይሱዙ በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል። ክረምቱ ደረሰ። ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው ከበሰበሰው አትክልት ጋር ተላቆጠ፤ ነጋዴውም ተማረረ፣ ጎረቤቱም ተማረረ። ጥምቀት 2013 ሲቃረብ ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተነሥቶ ሜዳውን ለማጽዳት ርብርብ ተደረገ። ታቦታቱም ገቡ።

ቆሻሻ በአካፋና በገልባጭ መኪና ይነሣል። የተጠቀጠቀ አፈር ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ጤነኛ አፈር ውስጡ ክፍተት አለው፤ በዚያ ክፍተት ነው አየርም ውሃም የሚያልፈው፣ የሣሩ ሥርም የሚወርደው። ከባድ መኪና እርጥብ አፈር ላይ ሲመላለስ ክፍተቱ ይዘጋል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም። ካቻቢቴ ያዙና ወደ ሰፈራችሁ ሜዳ ውጡ፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ይሁን። ሰው ብዙ የማይረግጠው ዳር ላይ ስትወጉት እስከ እጀታው ይገባል። መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ግን ሁለት ጣት ያህል ገብቶ እንቢ ይላችኋል። የኔን ሜዳ እንዲህ እየወጋሁ ስዞር ልጆች ከበውኝ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?» ብለውኛል። የጠፋው ውሃ የሚሰርግበት ቀዳዳ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ካቻቢቴውንም ተቀባብለው ሞከሩት።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ አጭር ነው፣ አትፍሩት። መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ ከበድ ያለ የክረምት ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። በዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ወደ 214,000 ሊትር ውሃ ወረደ። ግቢያችሁ ያለውን የአንድ ሺህ ሊትር ሮቶ አስቡት፤ 214 ሮቶ በአንድ ዝናብ ማለት ነው። ጥሩ ሣርና ልቅ አፈር ካለ አብዛኛው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የተረፈውም ቀስ እያለ ይወጣል። አስፋልትና ሲሚንቶ ከሆነ ግን ከአሥሩ ሮቶ ዘጠኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይሮጣል። መኪና ማቆሚያውን፣ የተመልካቹን መቀመጫና የመልበሻ ክፍሉን ጣራ ደግሞ ጨምሩበት።

በእውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቹ ነባር የሰፈር ሜዳዎቻችንም በእግር ብዛት ደርቀው ጠንክረዋልና ውሃ አያሰርጉም። ድሮ ሁሉ ደህና ነበር አልልም። ድሮ ግን ሜዳው ጎድጓዳና ያልተስተካከለ ስለነበር ውሃው እዚያው ኩሬ ሠርቶ ያድር ነበር። ልጆች በማግስቱ ኩሬውን እየዘለሉ ይጫወታሉ። አሁን ውሃው ሜዳው ላይ እንዳይቆም ተደርጎ ተደልድሏል፤ ለጨዋታው የተሻለ ነው። ያ ውሃ ግን የሚያድርበት ቦታ አጣ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምትወርድ ተዳፋት ከተማ ናት። በዓመት ከሚዘንብልን ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ላይ ያለው ሰፈር የለቀቀውን ታች ያለው ይቀበላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማችን በአንድ ቀን በደረሰ ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያን ጎርፍ ሜዳ አመጣው እያልኩ አይደለም። ሽቅብ ያለ እያንዳንዱ ጣራ፣ እያንዳንዱ አስፋልት፣ እያንዳንዱ የታሸገ ግቢ በየድርሻው ያዋጣል፤ ሜዳ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ከሚያዋጡት ውስጥ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። ከሰው ሠራሹ ሣር ሥር 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕና ወጥ ጠጠር ይነጠፍ። በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት ከመቶ ሠላሳ ያህል ነው። አስሉት፤ ከ400 ሮቶ በላይ ውሃ ከሜዳው ሥር ያድራል። ቅድም ያሰላነውን ዝናብ እጥፍ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው! መውጫው ቱቦ አፉ ጠበብ ተደርጎ ከተሠራ በአንድ ሰዓት ይወርድ የነበረውን ውሃ በአንድ ቀን ይለቀዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጠጠሩ በሰሌክት መተካቱ ነው፤ ሰሌክት አፈር አለበት፣ ሲጠቀጠቅ እንደ ሸክላ ነው። ላዩ አረንጓዴ ምንጣፍ ስለሆነ ሲመረቅ ልዩነቱን የሚያይ የለም። ሥራ ተቋራጩ ጠጠር ሲያራግፍ ሄዳችሁ እዩ። እጃችሁን አስገቡበት። አፈር ከተከተለው ጠይቁ።

ስለ ሰው ሠራሹ ሣር አንድ ሁለት ነገር ልበል። ክረምት ከበጋ ያጫውታል፤ ለእኛ ክረምት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በሣሩ ክሮች መሐል የሚረጨው ጥቁር ፍርፋሪ በአብዛኛው ከአሮጌ ጎማ የተፈጨ ነው። በተጫዋቹ ካልሲና ጫማ፣ በንፋስና በጎርፍ እየወጣ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ኤጀንሲ በአውሮፓ ካሉት ሜዳዎች በየዓመቱ እስከ 16,000 ቶን የሚደርስ ፍርፋሪ ወደ አካባቢው እንደሚወጣ ገምቷል። ኅብረቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ የዚህ ዓይነቱ ፍርፋሪ ሽያጭ ከ2031 ጀምሮ እንዲቆም ወስኗል። እነሱ የሚተዉትን እኛ በርካሽ ተቀብለን በየሰፈሩ እንዳንነሰንስ እሰጋለሁ። የቡሽና ሌሎች የተክል ውጤት የሆኑ አማራጮች አሉ፤ ዋጋቸው ይወደዳል፣ ጥያቄው ግን መቅረብ አለበት።

በጠራ ፀሐይ ምንጣፉ ይግላል፤ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ልኬቶች የላዩ ሙቀት ከ60 ዲግሪ አልፎ ተገኝቷል። አጠገቡ ያለ እርጥብ ሣር በዚያው ፀሐይ ከዚህ በብዙ ይቀዘቅዛል። ዕድሜውም ስምንት ወይም አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ተጠቅልሎ የት ይሄዳል? መልሱ ቆሼ ከሆነ፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. እዚያ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረበትን ቀን አልረሳንም። ምንጣፉን የሸጠው አስመጪ መልሶ እንዲረከብ ከግዢው ውል ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ።

ጋጋኖን ታውቁታላችሁ? ጥዋት ጥዋት እየጮኸ በጣራችን ላይ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠው ወፍ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ካልሆነ በቀር በዓለም ሌላ ቦታ አይገኝም። የሰፈራችን ሜዳ ላይ በክረምት ጥዋት አሥር አሥራ አምስት ሆነው ይወርዱ ነበር። ምንቃራቸውን እስከ ዐይናቸው ድረስ አፈር ውስጥ ነክረው፣ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ትል ይዘው ይወጣሉ። ምንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ አንድ ጥዋት መጡ። አረንጓዴ ነው፣ ሣር መሰላቸው። ሁለት ሦስቱ ወጉት፤ ጎን ለጎን ተራመዱ፤ ደግመው ወጉት። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። በረንዳዬ ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ሲወርዱ አላየሁም። ከሜዳው ዳርቻ አምስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው አፈርና ሣር ቢተው ኖሮ ለጨዋታው የሚጎድል ነገር አልነበረም።

ወደ ጎረቤቱ መስኮት ልምጣ። የሜዳ ፓውዛ በጣም ኃይለኛ ብርሃን ነው። ብርሃን በሉክስ ይለካል። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ሉክስ እንኳ አትሞላም። ለልምምድና ለሰፈር ውድድር የሚበራ ሜዳ ግን መቶና ከዚያ በላይ ሉክስ ይፈልጋል። የብሪታንያ የመብራት ባለሙያዎች ማኅበር መመሪያ እንደ እኛ ላለ የመኖሪያ ሰፈር ከመስኮት ላይ የሚያርፈው ብርሃን በማምሻው ከ10 ሉክስ፣ ሌሊት ደግሞ ከ2 ሉክስ እንዳያልፍ ይመክራል። ስልካችሁ ላይ የሉክስ መለኪያ ጭናችሁ መኝታ ቤታችሁ መስኮት ላይ ያዙት። የስልክ ልኬት ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት ነው ወይስ ሃምሳ የሚለውን ግን ይለይላችኋል።

ፓውዛው አግድም ተንጋልሎ ከተሰቀለ ብርሃኑ ሜዳውን አልፎ ሰፈር ይገባል። ቁልቁል ከተደፋና ከጎኑ መከለያ ከተገጠመለት ሜዳው ላይ ይቀራል፤ መብራቱም አይቀንስም። ይህ የቁልፍና የመሰላል ሥራ ነው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጎረቤቶቼ ሕፃናታቸውን ለማስተኛት ብርድ ልብስ በመስኮት ላይ ሲቸነክሩ ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ወጥቶ አዞረውና ነገሩ አለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሰማ ሰው ነው የጠፋው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን በራሱ የሚያጠፋ ታይመር ቢኖር ደግሞ ከዘበኛ ጋር መጨቃጨቅ አይኖርም።

ድምፅም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ የስፖርት ምክር ቤት ጥናት መሠረት ከጨዋታ ሜዳ መስመር 10 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው የሚደርሰው ድምፅ በአማካይ 58 ዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በግቢው ተቀምጦ እንዳይረበሽ 50 ዴሲቤልን እንደ ወሰን አስቀምጧል። ስለዚህ ከመስመሩ አሥር ሜትር ላይ ያለ ቤት ችግር አለበት፣ አርባ ሜትር ላይ ያለው ያን ያህል የለበትም። ቁጥሩ የሚናገረው የጨዋታውን ድምፅ ነው፤ እኛ ጋ ስፒከርና ጀነሬተር ይጨመርበታል። ኳስ የሽቦ አጥሩን ስትመታ የሚሰማው ኳኳታ ደግሞ ብቻውን ከእንቅልፍ ያስነሣል። ሽቦው ከብረት ምሰሶው ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ ቁራጭ ጎማ ከተደረገ ግን ኳኳታው ይሞታል። አሮጌ ጎማ ሊያገለግል የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በልኬት የማይገኘው ነው። የቀድሞው ሜዳ አጥር አልነበረውም። ጥዋት አዛውንቱ በከዘራቸው ይዞሩታል፣ ቀን ልጆች ድንጋይ ለግብ አድርገው የካልሲ ኳስ ይጫወቱበታል። መስከረም 16 ማታ የሰፈሩ ደመራ እዚያ ይለኮሳል። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው ዳሩ ላይ ነው። ታድሶ በር ሲገጠምለት በሰዓት ይከራይ ጀመር። የአንድ ሰዓቱ ኪራይ አሥር ሰው ቢያዋጣው ይቻል ይሆናል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን ከማን ያዋጣል? አጥሩን ይዘው በሽቦው ቀዳዳ ሲያዩ አያቸዋለሁ። ይህ ጉዳት በየትኛውም የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድ ላይ ሰፍሮ አላየሁም። መስፈር አለበት።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን የምታዩት የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር የሚካሄደው ለንደን ውስጥ ነው። ከስታዲየሙ መንገድ ተሻግሮ በ1760ዎቹ ካፓቢሊቲ ብራውን የሚባለው ስመ ጥር የአትክልት ቦታ ቀያሽ ሐይቅ ገድቦ፣ ዛፍ ተክሎ የሠራው ሰፊ ፓርክ አለ። ከፓርኩ ከፊሉ ከ1898 ጀምሮ የጎልፍ መጫወቻ ነበር። የቴኒሱ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1993 ያንን መሬት ከሜርተን የአካባቢ ምክር ቤት በ5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ሲገዛም መሬቱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያስገድድ ቃል በውሉ ላይ ፈረመ። በ2018 ደግሞ ለጎልፍ ክለቡ አባላት 65 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ የሊዝ መብታቸውን ወሰደ፤ እያንዳንዱ አባል 85,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰው። ከዚያ ዕቅዱ ወጣ፦ 38 የሣር ቴኒስ ሜዳና 8,000 ተመልካች የሚይዝ አንድ ስታዲየም።

የክለቡን ክርክር ያለ አድልዎ ላቅርበው። የማጣሪያ ውድድሩ የሚካሄደው ሌላ ሰፈር፣ ሮሃምፕተን ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ማጣሪያቸውን በግቢያቸው ያካሂዳሉ። ሐይቁ በደለል ተሞልቷል፣ ክለቡ አጸዳዋለሁ ይላል። የጎልፍ አባል ያልሆነ ሰው ይገባበት ባልነበረ መሬት ላይ ከ9 ሄክታር በላይ የሚሆን የሕዝብ ፓርክ እከፍታለሁ ይላል። እነዚህ ከባድ ጥቅሞች ናቸው። ጎረቤቶቹ ደግሞ ወደ 300 የሚሆኑ ዛፎች ይቆረጣሉ፣ ግንባታው ለዓመታት የጭነት መኪና በመንደራችን ያመላልሳል፣ ከሁሉ በላይ ግን በ1993 የተፈረመ ቃል አለ አሉ። ክለቡ በምትኩ 1,500 ዛፍ እተክላለሁ ብሏል። ከአንድ ዛፍ አምስት ማግኘት በወረቀት ላይ ትርፍ ይመስላል። እዚህ ያላችሁ አንድ የሸመገለ ወይራ ወይም ዝግባ ጥላ ሥር የተቀመጣችሁ ሁሉ ግን ችግኝ ያንን ጥላ ለመስጠት ስንት የሰው ዕድሜ እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ።

ፓርኩ የሚገኘው በሁለት የአካባቢ ምክር ቤቶች ድንበር ላይ ነው። በ2023 መገባደጃ ሜርተን ፈቀደ፣ ዋንድስወርዝ ከለከለ። ጉዳዩ ወደ ለንደን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ከንቲባው ሳዲቅ ካን ቀደም ሲል ድጋፋቸውን በይፋ ገልጸው ስለነበር ራሳቸውን ከውሳኔው አገለሉ፤ ምክትላቸው ጁልስ ፓይፕ በመስከረም 2024 ፈቀዱ። ጎረቤቶቹ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በሐምሌ 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገ። መሬቱ በሕዝብ አደራነት የተያዘ ነው ወይ የሚለው ጉዳይ ግን በሌላ መዝገብ መከራከሪያ ሆኖ ቀጠለ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ማን አሸነፈ የሚለውን አይደለም። አንድ ሹም ድጋፌን ቀድሜ ተናግሬያለሁና አልወስንም ብሎ ሲገለል ማየት ትምህርት ነው። ከዚያ የበለጠ የማረከኝ የ1993ቱ ቃል በጽሑፍ መኖሩ ነው። ጎረቤቶቹ ከ30 ዓመት በኋላ የሚያውለበልቡት ወረቀት አላቸው። የእኛ ሰፈር ሜዳ ሲታደስ «ለልጆች በነጻ ክፍት ይሆናል» ተብሎ ነበር። የተባለው ግን በስብሰባ ላይ፣ በቃል ነው። ያንን የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ብፈልግ አጣሁ።

መብት የለንም ማለት ግን አይደለም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጠናል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመስጠትና የመመካከር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በአንቀጽ 15 ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። እማማ የሚያቀርቡትን አቤቱታ እኔ፣ እናንተ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሊያቀርበው ይችላል ማለት ነው።

የሥራ ኃላፊዎች፣ ወደ እናንተ ልዙር። ሰነዱን እንደምታዘጋጁ አውቃለሁ። ስትሰበስቡን ግን ብዙ ጊዜ ዲዛይኑ ካለቀ፣ ጨረታው ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ እንደ እንቅፋት ይታያል። ጠጠሩ ገና በወረቀት ላይ እያለ ጥሩን። ቱቦው ከአጥሩ ወጥቶ የትኛው ቦይ፣ ከዚያም የትኛው ወንዝ እንደሚገባ በአንድ መስመር አሳዩን። ግንባታው ሳይጀመር በአቅራቢያው ያሉ ቤቶች መስኮት ላይ ብርሃኑና ድምፁ ይለካ፤ ከተጠናቀቀ በኋላ ዳግም ይለካ፤ ሁለቱም ቁጥሮች በሜዳው በር ላይ ይለጠፉ። ከትምህርት ቤት መልስ ያሉት ሁለት ሰዓታት ለሰፈሩ ልጆች በነጻ ይሁኑ፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ፣ ማኅተም ይረፍበት፣ አንድ ቅጂ ለእድሩ ይሰጥ።

የአሁኑ ስብሰባ ምክንያት የሆነው ከዚህ አዳራሽ በስተጀርባ ያለው ሌላ ሜዳ ነው፤ እድሳቱ ገና አልተጀመረም። ፕላኑን ከወረዳው ጠይቀን አግኝተናል፤ ኋላ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የውሃ መውጫውን በቀይ እስክሪብቶ አክብቤዋለሁ። እስካሁን የሚያልቀው አጥሩ ላይ ነው። ጥያቄና አስተያየት የምንጀምረው ከሜዳው ዝቅ ብለው ከሚኖሩት ነው፤ እባካችሁ ድምፅ ማጉያውን መጀመሪያ ለእነሱ አሳልፉላቸው።